ረጅም ጉዞ ከመነሣታችሁ በፊት፦ ያረጀ ጎማና የሾፌሩ ኃላፊነት

የተከበራችሁ በሳዑዲ ዓረቢያ በሾፌርነት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ወገኖቻችን፤

ባለፈው የሐምሌ ወር አንድ የቤት ሾፌር ወረቀቶቹን በፌስታል ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጣ። የአሠሪውን ቤተሰብ ለዑምራ ከሪያድ ወደ መካ ይዞ ሲጓዝ፣ ከመንገዱ እኩሌታ ላይ የቀኝ የኋላ ጎማ ፈንድቶ መኪናው ከመንገዱ ዳር መከላከያ ብረት ጋር ተጋጭቶ ነበር። ከተሳፈሩት ስድስት ሰዎች አንድም የሞተ አልነበረም። ሆኖም አሠሪው የጥገናውን ወጪ ከሾፌሩ ደመወዝ እንደሚቀንስ አስታውቋል። ወንድማችን «ጎማው እኮ ጥርስ ነበረው» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ይናገር ነበር። እውነቱን ነው፤ ባመጣው ፎቶግራፍ ላይ የጎማው ጥርስ ጥልቅ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን በጎማው ጎን ላይ የታተሙት አራት ቁጥሮች ጎማው በ2015 እ.ኤ.አ. የተመረተ መሆኑን ይናገሩ ነበር።

ጉዳዩን ለመፍታት የረዳን ከአደጋው አንድ ወር አስቀድሞ የተላከ መልእክት ነው። ሾፌሩ በጎማው ጎን ላይ የታየውን ስንጥቅ ፎቶ አንሥቶ ለአሠሪው በስልክ ልኮለት ኖሯል። አሠሪው መልእክቱን በፊታችን መልሶ ካየው በኋላ ጥያቄውን ተወው። ከዚህ ጉዳይ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ አንድ ጎማ ለረጅም ጉዞ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ለመወሰን የጥርሱን ጥልቀት ብቻ ማየት እንደማይበቃ ነው። ሁለተኛው፣ ያያችሁትን ጉድለት ከመነሣታችሁ በፊት በጽሑፍና በፎቶ ለአሠሪ ማሳወቅ ሕይወታችሁንም መብታችሁንም እንደሚጠብቅ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም በቅደም ተከተል ያስረዳል።

1. ኃላፊነቱ የማን ነው?

መኪናው የአሠሪው ንብረት ነው። ጎማ የመቀየርና መኪናውን በደኅና ሁኔታ የማቆየት ወጪም የእርሱ ነው። ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ የትራፊክ መርማሪ በቅድሚያ የሚያነጋግረው መሪውን የያዘውን ሰው ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ የአደጋ ጥፋት በመቶኛ ተከፍሎ ለአሽከርካሪዎች ይመደባል። ሰው የሞተበት ወይም የቆሰለበት አደጋ ከሆነ ደግሞ የእስርና የደም ካሳ፣ ማለትም የዲያ፣ ጥያቄ ሊከተል ይችላል። ስለዚህ «መኪናው የእኔ አይደለም» የሚለው መልስ በጎማ ወጪ ላይ ትክክል ቢሆንም፣ በማሽከርከር ኃላፊነት ላይ ግን አያድናችሁም። ለጉዞ ከመነሣታችሁ በፊት የመኪናው የመድን ዋስትና ያልተቃጠለ መሆኑን ማረጋገጥ ያለባችሁም በዚህ ምክንያት ነው።

2. ጎማ በሙቀት አገር ለምን ይፈነዳል?

አንድ መካከለኛ የቤት መኪና ጎማ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ወደ 500 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ከሪያድ እስከ ጅዳ ያለውን ወደ 950 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ ብትጓዙ፣ እያንዳንዱ ጎማ ወደ 475,000 ጊዜ ያህል መሬት ይረግጣል። መሬት በረገጠ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፤ ተመልሶም ይቃናል። ይህ መታጠፍ ሙቀት ይፈጥራል። በጎማው ውስጥ ያለው አየር ከሚገባው ካነሰ መታጠፉ ይበዛል፤ ሙቀቱም ከሚወጣው በላይ ይከማቻል። በበጋ ቀን የአስፋልቱ ወለል ራሱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚሞቅ ጎማው የሚበርድበት ዕድል የለውም።

በጎማ ውስጥ ከላስቲኩ ጋር የተጣበቁ የብረት ክሮች አሉ። ላስቲክ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ከክሮቹ ጋር የያዘው ጥብቀትም ይላላል። ያረጀ ጎማ በከፍተኛ ፍጥነትና በከባድ ጭነት ሲሞቅ የላይኛው ንጣፍ ከሥሩ ተገንጥሎ ይወጣል። በበረሃ መንገዶች ዳር የምታዩአቸው ጥቁር የላስቲክ ቁርጥራጮች አብዛኞቹ የዚህ ምልክት ናቸው። ባጭሩ፣ ጥርሱ ያለቀ ጎማ በተለይ በዝናብ ቀን ያንሸራትታል፤ ያረጀና አየር ያነሰው ጎማ ደግሞ በተለይ በሙቀት ቀን ይፈነዳል። በከተማ ውስጥ ወራት ሙሉ ያለ ችግር ያገለገለ ጎማ በረጅም ጉዞ የሚከዳውም በዚህ የተነሣ ነው፤ በከተማ መንገድ ለአንድ ሰዓት ያህል በ120 ፍጥነት ያለማቋረጥ ተነድቶ አያውቅም።

3. አምስቱ ምርመራዎች

እነዚህን ምርመራዎች ከጉዞው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ አድርጉ። ጉድለት ቢገኝ አሠሪው ጎማ ለመግዛት ጊዜ እንዲኖረው ያስፈልጋል። ምርመራው ለአራቱ ጎማዎችና ለስኮርታው ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ሀ. ዕድሜ። በጎማው ጎን ላይ «ዲ ኦ ቲ» የሚሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት ፈልጉ። ከእነርሱ ተከትለው ከሚመጡት ምልክቶች የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የምርት ቀን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን እ.ኤ.አ. ያመለክታሉ። 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። አራቱ ቁጥሮች በአንዱ ጎን ላይ ካልታዩ በውስጠኛው ጎን ታትመው ይሆናልና በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ብዙ ጎማ አምራቾች ጥርሱ ቢኖርም ከ10 ዓመት በላይ እንዳይሠራበት ያሳስባሉ። በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ግን ከዚህ እጅግ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይገባል፤ አምስት ዓመት ያለፈውን ጎማ ለበጋ ረጅም ጉዞ ሳታስመረምሩ አትመኑት።

ለ. ጥርስ። አዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርስ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ውስጥ ጥቃቅን ጉብታዎች አሉ፤ ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ከእነዚህ ጉብታዎች ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል፤ ለከተማም ቢሆን አይነዳም። ለረጅም ጉዞ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ጥርስ እንዲኖር እንመክራለን። መለኪያ ከሌላችሁ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። የአበላሉንም ሁኔታ አስተውሉ። ሁለቱ ጠርዞች ተበልተው መሐሉ ከቀረ አየር ሲያንሰው ኖሯል፤ መሐሉ ብቻ ከተበላ አየር በዝቶበታል፤ አንዱ ጠርዝ ብቻ ከተበላ የመንኰራኵሩ አቀማመጥ ተዛብቷልና አዲስ ጎማ ቢገባም ሳይስተካከል ያንኑ ይበላል።

ሐ. ጎን። በእጃችሁ የጎማውን ጎን ዙሪያውን ዳስሱ፤ ጓንት ብታደርጉ ይመረጣል። እባጭ ካገኛችሁ በውስጡ ያሉት ክሮች ተበጥሰዋል ማለት ነው፤ ይህ ጎማ በማናቸውም ሰዓት ሊፈነዳ ይችላል፤ ጥገናም የለውም። ክር ወይም ብረት የሚታይበት ቁስል፣ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ላስቲክ፣ በጎኑ ላይ የተለጠፈ ወይም የተሰካ ጥገና ሁሉም ጎማውን ከጉዞ ውጭ ያደርጉታል። በመሐል ጥርሱ ላይ በሚስማር የተበሳና በባለሙያ ከውስጥ በኩል በትክክል የተጠገነ ጎማ ግን ሊያገለግል ይችላል።

መ. አየር። ትክክለኛው የአየር መጠን በሾፌሩ በር ገጽ ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ስለሆነ በእርሱ አትሙሉ። አየሩን የምትለኩት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ማለዳ ከመነሣታችሁ በፊት ነው። የአየሩ ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሲጨምር ግፊቱ በ1 ፒ ኤስ አይ ያህል ከፍ ይላል። በመንገድ ላይ ለነዳጅ ስትቆሙ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ብታገኙት ይህ የሚጠበቅ ነውና ከሞቀ ጎማ ላይ አየር አታውጡ፤ ሲበርድ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ሙሉ ቤተሰብና ዕቃ ከተጫነ በወረቀቱ ላይ ለሙሉ ጭነት የተጻፈውን መጠን ተከተሉ።

ሠ. ጭነትና ፍጥነት። በጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ እንደ «91 ቪ» ያለ ምልክት ታገኛላችሁ። 91 አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል፣ «ቪ» በሰዓት እስከ 240 ኪሎ ሜትር መቻሉን ያመለክታል። በርካሽ የተገዛ ጎማ ለመኪናው ከታዘዘው ያነሰ ቁጥር ይዞ ሊገኝ ይችላል። ከመካ መልስ የሚጫነውን የዘምዘም ውኃም አትርሱ፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ነው፤ ሃያ የአምስት ሊትር ጀሪካን ማለት ከአንድ ሰው ክብደት የሚበልጥ ጭነት ነው።

ስኮርታውም ከነዚህ ሁሉ ምርመራዎች ማለፍ አለበት። ከመኪናው ሥር ወይም ከዕቃ መጫኛው በታች ለዓመታት ያልተነካ ስኮርታ ብዙ ጊዜ አየር የለውም፤ ዕድሜውም ከመኪናው ጋር እኩል ነው። ክሪኩና የብሎን መፍቻው በቦታቸው መኖራቸውን በዚያው ተመልከቱ።

4. ውሳኔው

ከምርመራው በኋላ ከሦስት ውሳኔዎች አንዱን ትወስናላችሁ።

ጎማው ከአምስት ዓመት በታች፣ ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ጎኑ ንጹሕ፣ አየሩም የተስተካከለ ከሆነ ተጓዙ።

ጥርሱ ከ1.6 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ዕድሜው አምስት ዓመት አልፎት ሌላ ጉድለት ካልታየበት፣ ከጉዞው በፊት ወደ ጎማ ቤት፣ በዚህ አገር አጠራር ወደ በንሸር፣ ወስዳችሁ ባለሙያ ይመርምረው። በፍተሻው ካለፈ ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ ጭነት አቅልላችሁ፣ በማታ ወይም በማለዳ ብርድ ብትጓዙ ይሻላል።

እባጭ፣ የሚታይ ክር፣ ጥልቅ ስንጥቅ ወይም ከጉብታው ጋር የተስተካከለ ጥርስ ካለ በዚህ ጎማ ረጅም ጉዞ አይኬድም። በዝግታ መንዳት ይህን አደጋ አያስወግደውም። አሠሪው ሁለት ጎማ ብቻ ለመግዛት ከፈቀደ አዲሶቹ በኋላ በኩል ይታሰሩ፤ የኋላ ጎማ ሲከዳ መኪናው ይሽከረከራል፤ ለመቆጣጠርም ይበልጥ አዳጋች ነው። ያገለገለ ጎማ ከተገዛ የምርት ቀኑንና ውስጡን ሳታዩ አታስገጥሙ።

ከቤተሰቡ ጋር በበጥሓ ድንበር አልፋችሁ ወደ ተባበሩት የዓረብ ኤምሬትስ የምትጓዙ ሌላም ጉዳይ አስቡ። በዚያ አገር የአገልግሎት ጊዜው ባለፈ ጎማ ማሽከርከር 500 ድርሃም ቅጣት፣ በመንጃ ፈቃድ ላይ 4 የጥፋት ነጥብና የመኪናውን ለሰባት ቀን መያዝ የሚያስከትል ጥፋት ሆኖ ተደንግጓል። ነጥቡ የሚመዘገበው በአሽከርካሪው ላይ ነው።

5. ለአሠሪያችሁ እንዴት ትነግራላችሁ?

ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት እዚህ ላይ መሆኑን እናውቃለን። «ከፊሌ ቢቆጣስ? ሰነፍ ቢለኝስ?» ትላላችሁ። ስለዚህ ንግግራችሁ ስለ ጎማው ይሁን፤ ስለ ራሳችሁ ፍርሃት ወይም ስለ አሠሪው ንፍገት አይሁን። መጀመሪያ ጉድለቱን ፎቶ አንሡ፤ አራቱ የምርት ቁጥሮችና የመኪናው ሰሌዳ በተለያየ ፎቶ ይታዩ። ከዚያ በስልክ መልእክት ላኩ። አረብኛ መጻፍ የማትችሉ በድምፅ እንዲህ ብትሉ ይበቃል፦ «አልከፈራት ቀዲማ። ማ ቲስለሕ ሊ ሰፈር ጠዊል። ላዚም ንገይርሃ ቀብል አስሰፈር።» ትርጉሙም «ጎማዎቹ አሮጌ ናቸው፤ ለረጅም ጉዞ አይሆኑም፤ ከጉዞው በፊት መቀየር አለባቸው» ማለት ነው። መልእክቱንም መልሱንም አታጥፉ።

አሠሪው ካመነታ «ልጆቹ አብረው ስለሚሄዱ በንሸሩ ይይልን፤ እኔ አሁን ልውሰደው» በሉት። የባለሙያ ቃል ከእናንተ ቃል ይልቅ ይሰማል፤ የራሱ ልጆች ደኅንነትም ከሁሉም በላይ ይከብደዋል። ሌላ መኪና ካለ በእርሱ ለመሄድ ሐሳብ አቅርቡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ግልጽ አደጋ ባለበት ጎማ እንድትነዱ ከታዘዛችሁ፣ ያንን ጉዞ በትሕትና ግን በግልጽ እንደማትነዱ በጽሑፍ አሳውቁ። ሌላውን ሥራችሁን ቀጥሉ። ከቤት ጠፍታችሁ አትውጡ፤ ከሥራ ጠፋ የሚል ሪፖርት፣ ማለትም ሁሩብ፣ ቢመዘገብባችሁ ትክክለኛው ክርክራችሁ ይዳከማል። በዚያው ቀን ለጽሕፈት ቤታችን ደውሉ፤ ወይም በሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር ስልክ 19911 አቤቱታ አቅርቡ።

6. ሕጉ ስለ ወጪና ስለ ደመወዝ ቅነሳ ምን ይላል?

በድርጅት ተቀጥራችሁ የምትነዱ በሳዑዲ የሥራ ሕግ ትተዳደራላችሁ። የሕጉ አንቀጽ 122 አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ ለመጠበቅ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግና የዚህን ወጪ ከሠራተኛው እንዳይቀንስ ያዛል። አንቀጽ 91 ደግሞ ሠራተኛው በራሱ ጥፋት በአሠሪው ንብረት ላይ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ በወር ሊቀነስ የሚችለው ከአምስት ቀን ደመወዝ እንዳይበልጥ ይገድባል። በተጨማሪም አሠሪው እያወቀ ያላስወገደው ከባድ አደጋ በሥራ ቦታ ካለ፣ ሠራተኛው መብቱን ሳያጣ ሥራውን ሊለቅ እንደሚችል አንቀጽ 81 ይደነግጋል። «እያወቀ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ማወቁን የምታስረዱት በላካችሁት መልእክት ነው።

የቤት ሾፌሮች የምትተዳደሩት ለቤት ሠራተኞች በወጣው ልዩ ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ለጉዳት ካሳ ከደመወዝ መቀነስ የሚቻለው ሠራተኛው ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነት ላጠፋው ነው። ጉድለቱን አስቀድሞ ያሳወቀ ሾፌር ቸልተኛ ነበር ለማለት አይቻልም። በመንገድ ላይ ከኪሳችሁ ጎማ ብታስጠግኑ ደረሰኝ ተቀብላችሁ በዚያው ቀን ፎቶውን ለአሠሪው ላኩ።

7. በመንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ

ፍሬን አትርገጡ። መሪውን በሁለት እጅ አጥብቃችሁ መኪናውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቀስ አድርጋችሁ አንሡ፤ መኪናው በራሱ ይዝገም። ፍጥነቱ በደንብ ሲወርድ ወደ መንገዱ ቀኝ ዳር አውጡት። ተሳፋሪዎቹን በመከላከያው ብረት ወዲያ፣ ከመንገዱ ርቀው አስቁሙ። ለአውራ ጎዳና ፖሊስ በ996፣ የቆሰለ ካለ ለቀይ ጨረቃ አምቡላንስ በ997 ደውሉ። የተበጠሰውን ጎማ ከነምርት ቁጥሩ ፎቶ አንሡ፤ አይጣል። ያልገባችሁን የአረብኛ ጽሑፍ አትፈርሙ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ወይም ለጽሕፈት ቤታችን ደውላችሁ በስልክ እናስረዳችሁ።

ውድ ወገኖቻችን፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ብሂል ለእናንተ ሥራ የተነገረ ይመስላል። በፌስታል ወረቀቱን ይዞ የመጣው ወንድማችን ዛሬም በዚያው ቤት ይሠራል። መኪናው አራት አዲስ ጎማ ገብቶለታል። እርሱም በየወሩ መጀመሪያ ዓርብ ማለዳ ጎማዎቹን ይፈትሻል፤ ፎቶውንም ለአሠሪው ይልካል። እናንተም ከሚመጣው ዓርብ ጀምራችሁ ይህንኑ ልማድ እንድታደርጉት በአክብሮት እናሳስባለን።

የሥራ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት